የዲዝኒ ቬኬሽን ክለብ ነጥብ ከነባር ባለቤት ሲገዙ ምን ይመዘናል?

የዲዝኒ ቬኬሽን ክለብ ኮንትራት የገዛ ሰው በየዓመቱ በሚሰጠው ነጥብ በዲዝኒ ሪዞርቶች ክፍል ይይዛል፤ ኮንትራቱ ከአንድ ሪዞርት ጋር የተያያዘና ማብቂያ ዓመት ያለው ነው። ነጥቡን ከነባር ባለቤት መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ከዲዝኒ በቀጥታ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። ነገር ግን ገበያ ላይ ያሉት ኮንትራቶች ሁሉ አንድ አይደሉም። ሁለቱም «150 ነጥብ» ቢሉ እንኳ አንዱ በ2042 ያበቃል፣ ሌላው በ2060 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት ማብቂያ ዓመቱን ይዩ። ቦርድዎክ፣ ቢች ክለብ፣ ቦልደር ሪጅ፣ ቬሮ ቢች እና ሂልተን ሄድ የተባሉት ሪዞርቶች ኮንትራቶች ጃንዋሪ 31 ቀን 2042 ያበቃሉ። ሳራቶጋ ስፕሪንግስ እስከ 2054፣ አኒማል ኪንግደም እስከ 2057፣ ቤይ ሌክ ታወር እስከ 2060፣ ፖሊኔዥያን እስከ 2066 ይቆያሉ። ከዚያ የአንዱን ነጥብ ዋጋ ለቀሩት ዓመታት ያካፍሉና ዓመታዊ ክፍያውን፣ ማለትም ለሪዞርቱ ጥገናና አስተዳደር በየነጥቡ የሚከፈለውን፣ ይደምሩበት። ለምሳሌ በ2026 አንድ ሻጭ የ2042ቱን በ80 ዶላር፣ ሌላው የ2060ውን በ136 ዶላር ቢያቀርቡልዎ፣ ዓመታዊ ክፍያው ሳይደመር የመጀመሪያው ነጥብ በዓመት 5 ዶላር፣ ሁለተኛው 4 ዶላር ይወጣዋል። ርካሽ የመሰለው ውድ ሆነ ማለት ነው።

ዓመታዊ ክፍያው ብዙዎችን የሚያዘናጋው ጉዳይ ነው። በአንድ ነጥብ የ2 ዶላር ልዩነት በ150 ነጥብ 300 ዶላር ይሆናል፤ ቢሄዱም ባይሄዱም ኮንትራቱ እስኪያበቃ በየዓመቱ ይከፈላል። መጠኑም በየዓመቱ ስለሚከለስ ዛሬ ባለበት ይቆማል ብለው አያስሉ። ቬሮ ቢች በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጠው ያለምክንያት አይደለም፤ ዓመታዊ ክፍያው ከፍ ያለ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቤት ሪዞርት፣ ማለትም ኮንትራትዎ የተያያዘበት ሪዞርት፣ ምርጫ ነው። በራስዎ ሪዞርት ከ11 ወር በፊት ክፍል መያዝ ይችላሉ፤ በሌሎቹ ግን በ7 ወር ብቻ። እነዚህ አራት ወራት ትልቅ ዋጋ አላቸው። የቦርድዎክን ርካሽ ስቱዲዮ፣ ማለትም «ስታንዳርድ ቪው» የሚባለውን፣ ወይም የአኒማል ኪንግደምን «ቫልዩ» ክፍል የሚፈልግ ሰው 7 ወር ሲቀረው ቢሞክር አብዛኛውን ጊዜ ተይዞ ያገኘዋል። የሚሄዱት ወቅት ጸጥ ያለ ከሆነና የክፍሉ ዓይነት ግድ የማይሰጥዎ ከሆነ ግን ዓመታዊ ክፍያው ዝቅ ያለውን ሪዞርት መምረጥ ያዋጣል።

ከጃንዋሪ 19 ቀን 2019 ወዲህ ከነባር ባለቤት የሚገዙ ሰዎች ላይ ገደብ አለ። ከመጀመሪያዎቹ 14 ሪዞርቶች የአንዱን ነጥብ የገዛ በ14ቱ ብቻ ይጠቀማል፤ ከእነሱ በኋላ የተከፈተው ሪቪዬራ ሪዞርት አይገባም። ሪቪዬራን ከነባር ባለቤት የገዛ ደግሞ ነጥቡ የሚሠራለት እዚያው ሪቪዬራ ብቻ ነው። ከሪዞርት ሪዞርት መዘዋወር ለሚፈልግ ሰው ሪቪዬራን በዚህ መንገድ መግዛት አይመከርም።

ኮንትራቱ ውስጥ አሁን ስንት ነጥብ እንዳለ በጽሑፍ ይጠይቁ። አንዳንዱ ሻጭ የሚቀጥለውን ዓመት ነጥብ ተበድሮ ጨርሶት ይሆናል፤ እርስዎ ዓመታዊ ክፍያ እየከፈሉ ሳይሄዱ ይከርማሉ። የነጥቡ ዓመት የሚጀምርበትን፣ ማለትም በየዓመቱ አዲስ ነጥብ የሚሰጥበትን፣ ወርም ይወቁ። ጁን ላይ የሚጀምር ከሆነ ያልተጠቀሙበትን ነጥብ ወደ ቀጣዩ ዓመት የሚያሻግሩት እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ 8 ወራት ውስጥ ነው። በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ የሚጓዝ ቤተሰብ ጉዞው ቢሰረዝበት ጊዜው አልፎበታል፤ ለእሱ ከጉዞው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የሚጀምር ኮንትራት ይሻለዋል። ሌላ ኮንትራት ካለዎት ደግሞ ወሩ አንድ ይሁን፤ ካልሆነ የተለየ አባልነት ስለሚከፈት ነጥቦቹን እንደልብ አዋህዶ መጠቀም ያስቸግራል።

ግዢው እንዲህ ይሄዳል። የሪል እስቴት ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል ዋጋ ያቀርባሉ፤ ሻጩ ከተስማማ ውል ተፈርሞ ቀብዱ ገንዘብ በአደራ ለሚይዝ ድርጅት ይገባል። ቀብድ በሻጩ የግል ሂሳብ ፈጽሞ አያስገቡ። ውሉ ወደ ዲዝኒ ይላካል፤ ኩባንያው በተስማማችሁበት ዋጋ ራሱ የመግዛት ቅድሚያ መብት ስላለው ለመወሰን 30 ቀን ይሰጠዋል። ዋጋው ከገበያው በጣም የወረደ ከሆነ ሊወስደው ይችላል፤ ያኔ ቀብድዎ ይመለሳል፣ የጠፋው ጊዜ ግን አይመለስም። ስለዚህ መብቱ እስኪታለፍ ድረስ ለጉዞ ቲኬት አይቁረጡ።

ዲዝኒ ካለፈው በኋላ ያልተከፈለ ብድር ወይም ውዝፍ ዓመታዊ ክፍያ አለመኖሩ ይጣራል፣ ቀሪው ክፍያ ይፈጸማል፣ ስሙም ይዛወራል። ሻጩ በነጥቡ ክፍል ይዞ ከሆነ ዝውውሩ እሱ ተጉዞ እስኪመለስ ይቆያል፤ ይህን ውል ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። የዘንድሮን ዓመታዊ ክፍያ ማን እንደሚሸፍንም ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የዘንድሮ ነጥብ ሻጩ ከተጠቀመበት እርስዎ የሚከፍሉበት ምክንያት የለም። ስም ከተዛወረ በኋላም ነጥቡ በአባልነት ሂሳብዎ እስኪገባ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲገባ ቁጥሩን ከውሉ ጋር ያመሳክሩና ልዩነት ካለ ወዲያውኑ ለደላላው በጽሑፍ ያሳውቁ።