ፊንላንዳዊ ሁለቴ አይጠይቅም፦ ታምፔሬ ለሚመጡ አዲስ ተማሪዎች

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አዳዲስ የሐበሻ ተማሪዎች የፊንላንዷ ከተማ ታምፔሬ ይገባሉ። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት። እኔ ለዶክትሬት ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ስለሆነ የእኔ ስልክ ቁጥር ለሁሉም ይታደላል። ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ቤት ኪራይ ይጠይቁኛል። እሱን ዩኒቨርሲቲውም ያስረዳችኋል። ማንም የማያስረዳችሁ ከትምህርት ውጪ ያለውን ኑሮ ነው። እዚያ ላይ እናንተ ያንኑ ስህተት ትደግማላችሁ፣ እኔም ያንኑ ንግግር እደግማለሁ። ዘንድሮ ጽፌው ልገላገል።

ከሁሉ የሚያንጨረጭረኝ መግደርደር ነው። እኛ አገር እንግዳ ምግብ ሲቀርብለት "አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። ባለቤቷ "በሞቴ!" ትላለች። "እውነቴን ነው።" "አፈር ስሆን!" ከዚያ ይበላል። ጨዋታውን ሁሉም ያውቀዋል። እዚህ ሁለተኛ ዙር የለም። ፊንላንዳዊ "ቡና ትጠጣለህ?" የሚለው አንዴ ነው። "አይ፣ አመሰግናለሁ" ካልክ ያምንሃል። ንቆህ እንዳይመስልህ። ቃልህን ማክበሩ ነው። እሱ ዘንድ እምቢ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ማስጨነቅ ነው።

የራሴን ልናገር። በመጀመሪያው ዓመቴ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ "ለዩሃኑስ ሞኪ እንሄዳለን፣ ትመጣለህ?" አለኝ። ሞኪ ሐይቅ ዳር ያለች የእንጨት ጎጆ ናት። ዩሃኑስ ደግሞ የመጥምቁ ዮሐንስ በዓል ነው፤ ከጁን 20 እስከ 26 ባለው ጊዜ ውስጥ በምትውለው ቅዳሜ ይከበራል። እኛም እንቁጣጣሽን ቅዱስ ዮሐንስ እንላለን አይደል? ስሙ አንድ፣ ወሩ ለየቅል። ልቤ ገና ሲጠራኝ ሞኪው ደርሶ ነበር። አፌ ግን "አይ፣ ላስቸግራችሁ አልፈልግም" አለ። ልጁም "እሺ" አለኝ። በቃ፣ "እሺ"! በዓሉ ሲደርስ ከተማው ጭር አለ። ሰው ሁሉ ጫካ ገብቷል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኖ ፀሐይዋ አልጠልቅም ብላ መስኮቴ ላይ ቆማለች። እኔ ብቻዬን ኢንዶሚ እቀቅላለሁ።

ይህን ታሪክ ለሚመጣው ሁሉ እናገራለሁ። ይስቃሉ። ከዚያ ሄደው ይግደረደራሉ። አምና አንዷን ልጅ ጎረቤቷ ከተማውን ሲለቅ "ብስክሌቴን በነፃ ልስጥሽ?" አላት። "አይ፣ ተወው፣ ምን አስቸገረህ" አለችው። በማግስቱ ብስክሌቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አውቶቡስ በጠበቀች ቁጥር ለእኔ ትደውላለች፣ እኔ የወሰድኩባት ይመስል። በፊንላንድኛ አዎ "ዮ" ነው። አንዲት ፊደል! መስታወት ፊት ቆማችሁ ተለማመዱት።

ክፍል ውስጥ ቡና አትቁሉ። እያንዳንዱ ቤት ኮርኒስ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለው፣ ጀበናና ዕጣን አያውቅም። መስኮት መክፈት አይበቃም። እኔ በክረምት ሞክሬው ቤቱ እንደ በረዶ ቀዘቀዘ፣ መሣሪያው መጮኹን አላቆመም። ስምንት ወር ሙሉ ከአንገት ሰላምታ ውጪ ያላወራኝ ጎረቤቴ በሩን አንኳኳ። እሳት መስሎት ነው። ቡናውን ሲያይ ፊቱ በራ፣ ገባ፣ ተቀመጠ። አገሩ በነፍስ ወከፍ ቡና በመጠጣት ከዓለም ቀዳሚዎቹ ውስጥ ነው፤ የሚጠጡት ግን ብዙም ያልተቆላ፣ ቀላ ያለ ነው። አቦሉን ጠጥቶ አመስግኖ ሲነሳ "ገና ቶና አለ፣ በረካም አለ" አልኩት። ተመልሶ ቁጭ አለ። በኋላ እንደነገረኝ ሕግ መስሎት ነበር። አሁን ቡና መቁላቱ በጋ ላይ ብቻ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የሥጋ መጥበሻ ቦታ ሆኗል። ለክረምቱ ያኔ ቆልቼ አስቀምጣለሁ። እሱም ሲኒ ይዞ ይወርዳል።

ስለ ሳውና ሁለት ዓይነት ስህተተኛ አለ። አንዱ ፈርቶ የማይሄድ፣ ሌላው ደፍሮ የሚሄድ። ፈሪውን እረዳዋለሁ። እርቃን መሆን ያስፈራል። ግን ወንድና ሴት ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ነው የሚገባው፣ ማንም ማንንም አያይም። ራውሃኒሚ ሐይቅ ዳር ያለው የሕዝብ ሳውና ደግሞ ወንድና ሴት አብረው በዋና ልብስ የሚገቡበት ነው፤ ከዚያ ጀምሩ። 5 ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ 3 ሚሊዮን ያህል ሳውና ባለበት አገር፣ ዩኔስኮ በ2020 በቅርስነት የመዘገበውን ነገር ሳያዩ ዲግሪ ይዞ መመለስ ያሳዝናል።

ደፋሩ ግን ያናድደኛል። የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ "ሙቀት እኔን ምን ያደርገኛል" ብሎ ላይኛው አግዳሚ ላይ ጉብ ይላል። ወንድሜ፣ የድሬን ፀሐይ ማንም ውሃ አይረጭባትም። እዚህ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ሲደፋ ሎይሉ የሚሉት እንፋሎት ይነሳል፣ መጀመሪያ የሚያገኘውም ላይ የተቀመጠውን ነው። ያ ልጅ ሦስት ደቂቃ አልቆየም። ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ታች ተቀመጡ፣ ፎጣ አንጥፉ፣ ውሃ ጠጡ። የሕንፃችሁን የሳውና ተራ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት መዝግቡ። እኔ "አንድ ሰዓት ላይ ነው" ያልኩት ልጅ ምሽቱን ትቶ ከሰዓት በኋላ ሄዶ የተቆለፈ በር ሲያንኳኳ ነበር።

ሳውና ውስጥ ዝም ቢሏችሁ አትከፉ። ዝምታው ኩርፊያ አይደለም። ወሬ ከፈለጋችሁ ሩጫ አንሱ። ራውሃኒሚ አንድ አዛውንት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። "ኢትዮጵያ" ስል ትንሽ ቆዩና "ይፍተር" አሉ። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር ነው እንግዲህ! በ1972 ሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር የእነሱ ላሴ ቪረን ወድቆ ተነስቶ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ፤ ምሩፅ ሦስተኛ ወጣ። በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩፅ ወርቁን ወሰደ፣ ፊንላንዳዊው ካርሎ ማኒንካ ሁለተኛ ሆነ፣ ቪረን አምስተኛ። አዛውንቱ ይህን ሁሉ ዙር በዙር ነገሩኝ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፣ ግን እንደነበርኩ ሆኜ ተከራከርኩ። ከዚያ ተነስተው ሐይቁ ውስጥ ገቡ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሙስታማካራ የሚሉትን ጥቁር ቋሊማ ምን እንደሆነ ሳትጠይቁ አትብሉ። ታምፔሬ የምትኮራበት ምግብ ነው፣ ታመላ ገበያ ላይ ትኩሱን ከቀይ የዱር ፍሬ ማርማላታ ጋር ይሸጣሉ። የሚሠራው ከደም ነው። እኔ የሰማሁት ሁለተኛውን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ለንስሐ አባቴ በስልክ ስናገር መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ስግደት ሰጡኝ። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙት ግን ችግር የለም፣ የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት "ቬጋኒ" የተባለውን አንሱ።

ጠርሙስና ጣሳ አትጨምድዱ። ጣሳው 15 ሳንቲም፣ ግማሽ ሊትሩ የፕላስቲክ ጠርሙስ 20፣ ትልቁ 40 ሳንቲም አስቀድማችሁ የከፈላችሁበት ነው። ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ይመልስላችኋል፣ የተጨመደደ ግን አይቀበልም። እኔ ሁለት ወር ሙሉ በጥንቃቄ እየረገጥኩ ጠፍጣፋ አደርግ ነበር። ቦታ እንዳይዝ ብዬ።

ፕሮፌሰሩን በስሙ ጥሩት። አንድ ሳምንት ያማችኋል፣ ከዚያ ይለቃችኋል።

የዱር ፍሬ ለመልቀም የማንንም ፈቃድ አትጠብቁ። ሙስቲካ የሚሉት የዱር ብሉቤሪ እናንተ በምትመጡበት ነሐሴ ጫካው ውስጥ ሞልቷል። ከሰው ግቢ እስካልገባችሁ ድረስ የጫካው ባለቤት ማንም ይሁን ማን ሕጉ ይፈቅድላችኋል። አዲስ መጪ ግን "ያስከስሰን ይሆን?" እያለ ከሱቅ በውድ ይገዛል። ባልዲ ይዛችሁ ውጡ፣ የትንኝ መከላከያ አትርሱ። እንጉዳይ ግን ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ አትንኩ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ታኅሣሥ ላይ ክፍል ውስጥ አትከርሙ። ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፣ የምትጠልቀው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። እሷ በምትታይበት ሰዓት ምሳችሁን ትታችሁም ቢሆን ውጡ። ማታ ስትወጡ አንጸባራቂ አንጠልጥሉ፤ ሕጉም ያዛል፣ ጥቁር ጃኬት ለብሶ መንገድ የሚያቋርጥ ጥቁር ሰው ደግሞ ለሹፌር አይታይም። ራሴን እየተናገርኩ ነው፣ እንዳትቀየሙ።

ቀዳዳ ካልሲ ጣሉ። ሰው ቤት ስትገቡ ጫማ ይወልቃል።

የልብስ ማጠቢያ ክፍል የሌላ ሰው ተራ አትውሰዱ። ታምፔሬ ከገባሁ ጀምሮ ፊንላንዳዊ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። እርጥብ ልብሴን በዘንቢል ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር።