የእንቁላል ዱቄት ለምን ይሆናል፣ ለምንስ አይሆንም?

ጅማ ውስጥ ኬክ እየጋገርኩ የምተዳደር ሴት ነኝ፤ በዓል ሲቃረብና የእንቁላል ዋጋ ሲንር የእንቁላል ዱቄት ከመደርደሪያዬ አይጠፋም። ለአንድ እንቁላል 12 ግራም ያህል ዱቄት በ36 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ በጥብጡ፤ በክብደት አንድ እጅ ዱቄት ለሦስት እጅ ውኃ ማለት ነው። ውኃውን በአንድ ጊዜ አትገልብጡበት። መጀመሪያ ጥቂት ጠብ አድርጋችሁ በደንብ አሹት፣ ከዚያ እያቀጠናችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ ይጓጉላል። አምስት ደቂቃ ይረፍ። ለኬክ ከሆነ ዱቄቱን ከስንዴው ጋር ነፍቶ ውኃውን ከወተቱ ጋር መጨመርም ይቻላል፤ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ለዶሮ ወጥ ግን ፈጽሞ አይታሰብም! ተቀቅሎ የሚላጥ ነገር የለውማ። እንቁላል ፍርፍርም ቢሆን ጣዕሙ የሚወጣው ከሂርማታ ገበያ በተገዛ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ሲሠራ ነው። ስፖንጅ ኬክም በትኩስ እንቁላል ይሻላል፤ ዱቄቱ ሲመታ አየር የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው።

የጅማ ዝናብና እርጥበት የዱቄቱ ጠላት ነው፤ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጡት፣ በደረቅ ማንኪያ ብቻ ጨልፉ። የተበጠበጠውን ወዲያው አብስሉት፤ ጥሬውን አትቅመሱ።