ፒካፕዎ ከኋላ ሲጮህ እነዚህን ስህተቶች አይሥሩ

ወሎ ውስጥ ፒካፕ እረፍት የለውም። ዛሬ ከወረኢሉ ጤፍ ጭኖ ደሴ ይገባል፤ ነገ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ነው፤ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ አለ። የዚህ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ጫና የሚያርፈው ከኋላ ነው። አንድ ቀን «ዊዊ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ብዙ ሰው ይደነግጥና ያለ አግባብ ገንዘቡን ያፈሳል።

ወዲያው «ዲፈረንሻል ነው» ማለት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ዲፈረንሻል ማለት ከኋላ መሃል ላይ ያለው፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርሶች ቤት ነው። ድምፅ በብረት ውስጥ ስለሚጓዝ ከግራ ጎማ የተነሳው ከመሃል የመጣ ይመስላል። ስለዚህ አንድም ብሎን ሳይፈታ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ይለዩ።

ነዳጅ ሲሰጡ ጮሆ እግርዎን ሲያነሱ ከጠፋ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ የዲፈረንሻሉን ጥርሶችና የፒኞኑን (ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያስገባውን ትንሽ ጥርስ) ኩሽኔታ ይጠርጥሩ። ጥርሶቹ መኪናው ሲጎትት በአንድ ፊታቸው፣ እግር ሲነሳ በሌላው ፊታቸው ነው የሚነካኩት። ነዳጅ ሰጡም አልሰጡም ድምፁ ፍጥነትን ብቻ ከተከተለ ግን ጎማ ወይም የጎማ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። የኋላ ጎማዎችን ወደ ፊት አዘዋውረው ይሞክሩት። ድምፁ አብሮ ወደ ፊት ከሄደ ጥፋቱ የጎማው ነው። ወደ ግራ ሲታጠፉ ከጨመረ ደግሞ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል የቀኙን ኩሽኔታ ያስፈትሹ።

የድምፁን ምትም ያዳምጡ። በአብዛኛው ፒካፕ ላይ ጎማው 1 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚመጣው ረጅም ዘንግ 4 ጊዜ ያህል ይዞራል። ጎማው በዞረ ቁጥር አንዴ ብቻ «ቀጭ» የሚል ከሆነ ጎማው ላይ የተሰካ ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ይህን በነፃ ያወጡታል። ምቱ ከዚያ የፈጠነ «ጪር ጪር» ከሆነ ክሮቸራው (የረጅሙ ዘንግ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ደርቋል ወይም ተበልቷል። ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ሲቀይሩ «ጓ» ካለም መጀመሪያ የሚታየው ክሮቸራው ነው፤ ቀጥሎ የባሌስትራው (ሸክሙን የሚይዘው የብረት ንጣፍ) ብሎኖች።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ ማዳመጥ

ሐረጎ ላይ ይህን የሚያደርግ ሾፌር ካወቁ እባክዎ ይገሥጹት። ሞተሩ ካልያዘው ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል አቅም ያጣል። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርን ከነዳጅ ማንሳት ይበቃል። ከከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ሜዳ ለዚህ ሙከራ በጣም ይመቻል።

ጭነቱን አራግፎ ጋራዥ መሄድም ሌላ ስህተት ነው። ሲጫን ብቻ የሚጮህ መኪና ባዶውን ጸጥ ይላል። መካኒኩም «ምንም የለውም» ብሎ ይመልስዎታል።

በክሪክ ብቻ አንሥቶ ሥር መግባት

የእጅ ፍሬን በአብዛኛው የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። እነሱ ከመሬት ከተነሱ መኪናውን የሚያቆመው ነገር የለም። እንደ ደሴ ባለ ዳገታማ ከተማ መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ ይፈልጉ። የፊት ጎማዎችን በታኮ ይያዙ፤ ከኋላም ድንጋይ ሳይሆን ጠንካራ የብረት መደገፊያ ያስገቡ።

ዘይቱን ችላ ማለት

የዲፈረንሻሉን ዘይት ሲያዩ መጀመሪያ የላይኛውን መሙያ ይፍቱ። የታችኛውን አፍስሰው ላይኛው እምቢ ካለዎት መኪናው እዚያው ቆሞ ይቀራል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል፤ በክረምት ወንዝ የሚሻገሩ ከሆነ ይህን ደጋግመው ይዩ። በመዝጊያው ማግኔት ላይ የሚገኝ ደቃቅ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ የብረት ስባሪ ግን መኪናውን ያስቆማል። ሲሞሉ የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ይግዙ፤ ለብዙዎቹ ጂኤል-5 ደረጃ ያለው የዲፈረንሻል ዘይት ነው። የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነም ዘይቱ በጎን ማፍሰስ ይጀምራል።

ድምፁ እንዲጠፋ የፒኞኑን ዳዶ ማጥበቅ

ለጥቂት ቀን ጸጥ ሊል ይችላል፤ ከዚያ ኩሽኔታው ይቃጠላል። ዳዶው የግድ መፈታት ካለበት መካኒኩ መጀመሪያ ቦታውን ምልክት ያድርግበት። በብዙዎቹ ዲፈረንሻሎች ውስጥ ዳዶው ሲጠብቅ የሚጨመቀው ቀለበት አንዴ ከልክ በላይ ከተጨመቀ አይመለስም፤ በአዲስ ይቀየራል።