ዕጣኑ ሳያር እንዲሸት

ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ቤት ውስጥ ቡና የምታፈሉ፣ ይቺን ሞክሯት። ዕጣኑ ፍም ላይ እንዳረፈ ጥቁር ጭስ ካወጣና ዓይን ካቃጠለ፣ እሳቱ በዝቶበታል። ከሰሉ በደንብ ከቀላ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ የተነፋ አመድ አልብሱት። ከዚያ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ዕጣን ከላይ ጣል። አይንጣጣም፤ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ ዳር ዳሩን አረፋ ይይዛል። ጭሱም ቀጭንና ነጭ ይሆናል። አመድ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ሙጫው ከማረሩ በፊት ዘይቱ ይተናል። ያ ደስ የሚል መዓዛ ያለው ዘይቱ ውስጥ ነው።

መስኮት ግን ክፈቱ፣ አደራ! አመዱ ከከሰሉ የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አያስቀርም፤ እሱ ደግሞ ሽታ የለውም። አስም ያለበት ሰው ወይም ጨቅላ ካለ ዕጣኑ ይቅር።