ባህር ዳር ላይ ቤት የምትሰሩ፣ ኪችን፣ ልብስ ማጠቢያና ጋራዥ ላይ እነዚህን ስህተቶች እንዳትደግሙ

ቤት ስንሰራ መጀመሪያ የምንለካው ሳሎን ነው፣ ሶፋው የት ይሁን ቲቪው የት ይሰቀል ተብሎ ሁለት ሳምንት ጭቅጭቅ፣ ኪችን ደሞ በተረፈችው ጥግ ትወሸቃለች። እኔም እንደዛው ነው ያረኩት። 200 ካሬ ላይ ሰርቼ ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፣ እስካሁን ሁለት ግድግዳ አፍርሻለሁ። እናንተ ብሎኬት ሳታስጭኑ ይቺን አንብቧት።

1. ምጣድ የሌለበት ኪችን

ፕላኑን የሰራልኝ ልጅ ስቶቩን፣ ፍሪጁን፣ ላቫንዲኖውን ቁልጭ አርጎ ስሎ ሰጠኝ፣ ምጣዱስ ስለው "እሱ ሰርቪስ ቤት ይገባል" አለኝ። ገባ፣ ግን ጥግ ላይ፣ ግራና ቀኙ ግድግዳ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን ስትጋግር አክንባሎውን ባነሳች ቁጥር ክርኗ ግድግዳ ይመታል፣ ሰፌዱን ልታስገባ ስትል ደሞ መቆሚያ የላትም፣ እንጀራዋ ግማሿ ሰፌዱ ላይ ግማሿ የምጣዱ ጠርዝ ላይ ቀረች። ምን እንዳለችኝ እዚህ አይጻፍም።

የምጣዱ ወርድ 60 ሳንቲ አካባቢ ነው፣ የሚፈልገው ቦታ ግን 60 ሳንቲ አይደለም። ከፊቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ባዶ፣ በአንድ ጎኑ የሊጥ ባልዲ፣ በሌላው እንጀራው የሚበርድበት ጠረጴዛ። ከበላዩ ደሞ እንፋሎት መውጫ ያስፈልጋል፣ ቺፑድ ኮርኒስ ካለ እንፋሎቱን ጠጥቶ ጠጥቶ ያብጥና አንድ ቀን ይወርዳል። የሊጡን ባልዲ ፍሪጅ ጀርባ ወይ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ስር እንዳታስቀምጡ፣ የኛ አገር ሙቀት ራሱ ይበቃል፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሊጥ ሳያስቡት ነው የሚኮመጥጠው።

2. ሁሉን ነገር አንድ መስመር ላይ መሰካት

ይሄ ቀልድ አይደለም። ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል፣ በ220 ቮልት ስታካፍሉት ወደ 16 አምፔር ይመጣል፣ ተራ ሶኬት የሚችለው ደሞ እሱኑ 16ቱን ነው፣ ማለትም ምጣዱ ብቻውን እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶታል። በዛው መስመር ላይ የልብስ ማሽኑ ውሃ ማሞቅ ሲጀምር 2 ኪሎ ዋት ይጨመራል። ብሬከሩ ከወረደ እግዜርን አመስግኑ፣ ካልወረደ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ነው። ለምጣድ ከብሬከር ቦርዱ ቀጥታ የሚመጣ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ከራሱ ብሬከር ጋር አስጎትቱ፣ ለማሽኑ ሌላ። ኤሌክትሪሻኑ "2.5 ይበቃል፣ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው" ካላችሁ ያ ሁሉም ሰው ሶኬቱ ለምን እንደጠቆረ ጠይቁት።

3. ማሽን ስላለ ገንዳ አያስፈልግም ማለት

ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ ማሽን ውስጥ አስገብታችሁ ታውቃላችሁ? አይሆንም። በእጅ ማጠቢያ ገንዳ ውጪ ላይ ይኑር፣ ወለሉ በሜትር ሁለት ሳንቲ ወደ ማን ሆሉ ይውረድ። ግንበኛው በዓይኑ ብቻ ካየው ውሃው መሀል ላይ ይቆማል፣ ውሃ ከቆመ ደሞ እዚህ ሐይቅ ዳር ማን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፣ ቢምቢ።

ሌላው ሮቶ ነው። የኔ ማሽን አዲስ ሆኖ ገና በሁለተኛው ቀን ውሃ አልገባም እያለ ቀይ መብራት ያበራል፣ ሰሪ ጠራሁ፣ ልጁ ማሽኑን እንኳን ሳይከፍት ወደ ሮቶው አንጋጦ ሳቀ። ለካ ውሃ 10 ሜትር ከፍ ቢል ነው 1 ባር ግፊት የሚሰጠው፣ የኔ ማማ 3 ሜትር ናት፣ 0.3 ባር፣ ማሽኑ ጀርባ ላይ ደሞ ቢያንስ 0.5 ይላል። ትንሽ ፓምፕ ገዝቼ ተገላገልኩ፣ ግን የፓምፑን ቦታና ሶኬት ቀድሜ ባስብ ሴራሚክ አልሰብርም ነበር።

ማስጫውን ደሞ ለክረምት አስቡት። ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ እየጠበቃችሁ ልብስ አይደርቅም፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ንፋስ የሚያስገባ የቆርቆሮ ጥላ በቂ ነው።

4. ዓሳን ቤት ውስጥ ማጠብ

ዓሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር አልገባበትም፣ ግን ቆረሶ ገዝቶ የሚገባ ሰው ቅርፊቱን ኪችን ላቫንዲኖ ላይ ካረገፈ ቱቦው በወሩ ይደፈናል። ውጪ ገንዳው አጠገብ አንድ ቧንቧና ወንፊት ያለው መውረጃ ይበቃል።

5. ጋራዡን በዛሬ መኪና መለካት

እኔ በቪትዝ ለካሁ፣ ከአራት ሜትር ታንሳለች፣ ደስ ብሎኝ አራት ሜትር ተኩል ሰራሁ። ከዛ የባለቤቴ ወንድም በፒካፕ መጣ፣ 5.3 ሜትር፣ ኋላዋ መንገድ ላይ እንደወጣ አደረ፣ እሱም እንቅልፍ አልወሰደውም። ቢያንስ 3 በ6 አርጉት፣ የመኪናው በር ተከፍቶ ሰው መውጣት አለበት እኮ። የግቢውም በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ክንፉ የሚበላውን ቦታ ከርዝመቱ ላይ ቀንሱ።

መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ጋራዥ ውስጥ ዘግቶ ማስነሳት፣ ወይ የከሰል ማንደጃ ዝግ ኪችን ውስጥ ማስገባት በፍጹም፣ ጭሱ ባይታይም የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

የመጨረሻው ከፍታ ነው። ግቢያችሁን አሁን ባለው አፈር መንገድ ልክ እንዳትሰሩ፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ይላልና ወለሉን ቀድማችሁ ከፍ አርጉት። እኛ ሰፈር ሲነጠፍ የኔ ጋራዥ ከመንገዱ በታች ሆነች፣ የመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ጎርፉን ከነላስቲኩ ከነጫማው ይዞልኝ ገባ። አሁን በሩ ስር የሲሚንቶ ጉብታ አሰርቻለሁ፣ ቪትዟ ጠዋትና ማታ ሆዷን እየፋቀች ትወጣለች ትገባለች።