የፒዛ ዲፕ ስትሰሩ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

የፒዛ ዲፕ ማለት ቲማቲም፣ አይብና ቺዝ ተደራርቦ ተጋግሮ በዳቦ እየተጠቀሰ የሚበላው ነው። ሲሰራ ከሁሉም የሚያናድደኝ ውሃው ነው። ጥሬ ቲማቲም ይከተፋል፣ ከገበያ የመጣ አይብ እንዳለ ይገለበጥበታል፣ ከዚያ ቀጥታ ኦቨን! በቅርቡ እዚሁ አዳማ አንድ ልደት ላይ የቀረበው እንዲያ ነበር። ዳቦ ሲጠቀስበት ቺዙ እንደ ክዳን ተነሳና ከስር ቀይ ውሃ ብቻ ቀረ። ልጆቹ ቺዙን በልተው ሌላውን ትተውት ሄዱ። እባካችሁ! ቲማቲሙን መጀመሪያ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት አቁላሉት፤ ውሃው ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ። ማንኪያ ስታሳልፉበት የድስቱ ወለል ለአፍታ ከታየ ደርሷል። ኦሬጋኖ ካጣችሁ በሶብላ ይበቃል። አይቡ ደግሞ በንጹህ ጨርቅ ተቋጥሮ፣ ወንፊት ላይ ሆኖ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይደር።

አይብ ይቀልጣል ብላችሁም አትጠብቁ። አሬራ ተሞቆ የተሰራ ነው፤ እሳት ሲበዛበት ይደርቃል እንጂ አይለጠጥም። ከትንሽ ክሬም ጋር ምቱትና ከስር አንጥፉት። የሚለጠጠው ከላይ የሚሆነው ሞዛሬላ ወይም ፕሮቮሎኔ ቺዝ ነው። ተፈቅፍቆ የታሸገውን ተዉት። እንዳይጣበቅ ስታርች ስለሚነሰነስበት እንደልብ አይቀልጥም።

ቺዙም፣ ስጋ ብላችሁ የምትጨምሩት ሞርታዴላም ጨዋማ ነው። ሳትቀምሱ ጨው አትጨምሩ።

አዳማ ላይ ድግስ ሲደገስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይመጣል። ታዲያ ስጋውን ቀላቅሎ መጋገር ምን የሚሉት ነው? በእንጉዳይና በቃሪያ ሰርታችሁ ስጋውን ለብቻ አቅርቡ። ረቡዕና አርብ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ስሩ፤ የሚጾመው እንግዳ ቺዙን እያየ ሊቀመጥ ነው።

ሌላው ቀድሞ መጋገር ነው። ለስምንት ሰዓት የተጠራ ሰው አስር ሰዓት እንደሚመጣ እያወቃችሁ ሰባት ተኩል ላይ ምን ያጣድፋችኋል? ቺዙ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ሙሉውን አዘጋጅታችሁ ፍሪጅ አስቀምጡት፤ በዚህ ሙቀት ውጭ አይቆይም። ሰው ሲቀመጥ በ180 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ያህል ጋግሩት፣ ጠርዙ ሲንተከተክ አውጡት። የሸክላ ዕቃ ሙቀት ይይዛል፣ ግን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው የጋለ ኦቨን ውስጥ አትክተቱት። ይሰነጠቃል።

መብራት ከሄደ በብረት ድስት ከሰል ላይ ጣዱት፤ ክዳኑ ላይም ትንሽ ፍም አድርጉ። ድፎ ዳቦ ሲጋገር ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

እንጀራ አታቅርቡበት፣ ይበጣጠሳል። ትኩስ ዳቦም ያው ነው። የትናንቱን ቆራርጣችሁ ጥበሱት።