ወርኪንግ ሆሊዴይ ቪዛ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ፓስፖርታችሁን እዩ

ይሄን ቪዛ የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ሚጠይቀው ስራው ምንድነው፣ ስንት ይከፍላል ነው። እሱ ኋላ ሚደረስበት ነገር ነው። ወርኪንግ ሆሊዴይ ማለት በወጣትነት አንድ ሁለት አመት ሰው አገር እየዞራችሁ ገንዘብ ሲያልቅባችሁ እዛው ሰርታችሁ ጉዞውን ምትቀጥሉበት ፈቃድ ነው፣ ስፖንሰር ሚሆናችሁ ቀጣሪ አያስፈልግም፣ ስራ ሳትይዙም መሄድ ትችላላችሁ። ቤተሰብ ይዞ መጓዣ ግን አይደለም፣ ልጅ ይዛችሁ አትገቡበትም።

ነገርዬው ሚሰራው አገርና አገር በተፈራረሙት ስምምነት ስለሆነ ዋናው ጥያቄ የማን ዜጋ ናችሁ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ አይቆጠርም፣ ጀርመን 10 አመት ኖራችሁም የጀርመን ፓስፖርት ከሌላችሁ በጀርመን ስም አፕላይ አታደርጉም። አውስትራሊያን ብትወስዱ (ፕሮግራሙን የጀመረችው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው) ሁለት አይነት አላት፣ 417 ሚባለው ለካናዳ፣ ለእንግሊዝ፣ ለስዊድን፣ ለጀርመን፣ ለጣሊያን ፓስፖርት ምናምን ነው፣ 462 ደግሞ ለአሜሪካ፣ ለእስራኤል፣ ለቱርክ፣ ለስፔንና ለሌሎችም፣ እዚህኛው ላይ ብዙዎቹ የትምህርት ደረጃና የእንግሊዝኛ ችሎታ ይጠየቃሉ፣ የቻይና፣ የህንድና የቬትናም ዜጎች ደግሞ ከዛ በፊት እጣ አለባቸው። ሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የአፍሪካ አገር የለም። እንቅጩን ልንገራችሁ፣ የአፍሪካ ፓስፖርት ብቻ ይዛችሁ "የአውስትራሊያ ወርኪንግ ሆሊዴይ በ3 ወር አወጣላችኋለሁ" ሚላችሁ ደላላ ካለ ሌባ ነው፣ ቀብድም አትስጡት። ሁለት ዜግነት ያላችሁ ግን ሁለቱንም ፓስፖርት አይታችሁ የተሻለ ስምምነት ባለው አመልክቱ።

ቀጥሎ እድሜ። ከ18 እስከ 30 ነው በአብዛኛው፣ ለአንዳንድ ዜጎች 35 ይደርሳል፣ ለምሳሌ አውስትራሊያ ለካናዳ፣ ለፈረንሳይና ለአየርላንድ ፓስፖርት 35 ትፈቅዳለች። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ማያውቃት ነገር አለች፣ አውስትራሊያ እድሜ ምትቆጥረው ባመለከታችሁበት ቀን ነው፣ ከተፈቀደላችሁ በኋላ ደግሞ ለመግባት 12 ወር አላችሁ፣ ስለዚህ ገደቡ 30 ለሆነበት ሰው 31ኛ ልደቱ ሳምንት ሲቀረው እንኳን ማመልከት ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ በ19 አመታችሁ ተቻኩላችሁ አትጨርሱት፣ ብዙ አገር እድሉን ሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው።

ገንዘቡ ላይ ልቆይ፣ ሰው ሚወድቀው እዚህ ነውና። አውስትራሊያ ወደ 5,000 የአውስትራሊያ ዶላር እንዳላችሁ ማሳየት ትፈልጋለች፣ ካናዳ 2,500 የካናዳ ዶላር፣ እንግሊዝ ደግሞ ዩዝ ሞቢሊቲ ለምትለው የራሷ ቪዛ 2,530 ፓውንድ። የእንግሊዙ ጠንከር ይላል፣ ገንዘቡ አካውንታችሁ ውስጥ ለ28 ተከታታይ ቀን መቆየት አለበት፣ በመሀል ለአንድ ቀን 2,529 ቢገባ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፣ ስለዚህ ከዘመድ ተበድሮ በማግስቱ ስቴትመንት ማውጣት አይሰራም፣ ከዛ አካውንት ለ28 ቀን ዳቦም ባትገዙ ይሻላል። የመመለሻ ቲኬት ዋጋ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው፣ ወይ ቲኬቱን ወይ ምትገዙበትን ገንዘብ ያዙ።

ካናዳ አካሄዷ ይለያል፣ ቀጥታ አፕላይ ማድረግ የለም። ኦንላይን ፕሮፋይል ከፍታችሁ ፑል (እጣ ሚጠብቁ ሰዎች ዝርዝር) ውስጥ ትገባላችሁ፣ እጣ በየዙሩ ይወጣል፣ ስማችሁ ከወጣ ለመቀበል 10 ቀን፣ ከተቀበላችሁ በኋላ ሙሉ ማመልከቻ ለማስገባት 20 ቀን ነው ያላችሁ። 20 ቀን ብዙ ይመስላል ግን ከኖራችሁባቸው አገሮች የፖሊስ ክሊራንስ (ከወንጀል ነጻ ማስረጃ) ስትለቃቅሙ ያልቃል፣ ስለዚህ ገና ፑል ውስጥ እያላችሁ ወረቀቱን ማሰባሰብ ጀምሩ። ሚጠየቀውን የጤና ኢንሹራንስ ደግሞ ለሙሉ ቆይታው ግዙ። አንድ ማውቀው ልጅ ለመቆጠብ ብሎ የ6 ወር ገዝቶ ሄደ፣ ኤርፖርት ላይ የስራ ፈቃዱን የ6 ወር አድርገው ሰጡት፣ የቀረው ጊዜ በዛው ቀረ። ሲገቡ ኢንሹራንሱን አይተው ነው ፈቃዱን ሚጽፉት።

ደረሳችሁ እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት ስልክ ሲም፣ ባንክ አካውንት፣ የታክስ ቁጥር። የታክስ ቁጥር ከመንግስት በነጻ ነው ሚወጣው፣ በክፍያ እናወጣለን ሚሉ ዌብሳይቶችን እለፏቸው። አውስትራሊያ ውስጥ በዚህ ቪዛ ሚሰራ ሰው ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ በአመት እስከ 45,000 ድረስ 15 በመቶ ታክስ ይቆረጥበታል፣ ደሞዝ ስትሰሙ ያንን ቀንሳችሁ አስቡት። አንድ ቀጣሪ ጋ ደግሞ በመደበኛው ከ6 ወር በላይ አይፈቀድም፣ አለቃችሁ "ግድ የለም ቀጥሉ" ቢላችሁም ቪዛው የናንተ ነው፣ መዘዙም ወደናንተ ነው ሚመጣው።

417 ይዛችሁ ሁለተኛ አመት ከፈለጋችሁ 88 ቀን የተወሰነ አይነት ስራ ይጠበቅባችኋል፣ ገጠር አካባቢ ፍራፍሬ ለቀማ፣ እርሻ፣ ኮንስትራክሽን ምናምን (የእንግሊዝ ፓስፖርት ያላቸው ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዚህ ነጻ ናቸው)። ለሶስተኛ አመት 6 ወር። ስራው ትክክለኛ ሆኖ ቦታው ትክክለኛ ካልሆነ አይቆጠርም፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የእርሻውን ፖስት ኮድ (የአካባቢው መለያ ቁጥር) ከኢሚግሬሽን ዝርዝር ጋር አስተያዩ፣ ቲማቲም ለቅማችሁ ወገባችሁ ከተቆረጠ በኋላ "ይሄ ፖስት ኮድ የለም" መባል ያናድዳል። ፔይስሊፕ (የደሞዝ ደረሰኝ) በየሳምንቱ ተቀበሉና ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፣ ያለ ወረቀት በእጅ ሚከፍል አሰሪ ቀናችሁን እያቃጠለ ነው። ስራ ለመስጠት ቅድሚያ ክፍያ ሚጠይቅ ወይ ፓስፖርታችሁን "ላስቀምጥላችሁ" ሚል ካጋጠማችሁ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከአውስትራሊያ ስትመለሱ ቀጣሪያችሁ ሲያጠራቅምላችሁ የነበረ የጡረታ ገንዘብ አለ፣ ሱፐር ይሉታል፣ ከአገር ከወጣችሁና ቪዛው ካበቃ በኋላ በኦንላይን ትጠይቃላችሁ። 65 በመቶውን ታክስ ይወስደዋል። አዎ 65፣ አልተሳሳትኩም። የቀረችውን ግን ጠይቁ፣ ለዛ ደግሞ የሱፐር አካውንት ቁጥራችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ጽፋችሁ ያዙ።